«አንቺ እኮ ነሽ የሠራሽው» አለኝ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ትልቋ ልጄ 6ኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ነው የምትወጣው። የምጽፍልዎት ስለ ታናሿ ነው። 8 ዓመቱ ነው፤ 3ኛ ክፍል።

ከአንድ ዓመት ወዲህ «አልችልም» የማይልበት ነገር የለም። ሂሳብ ሲሰጠው አልችልም። ውጣና ኳስ ተጫወት ሲባል አልችልም። ሥዕል ይወድ ነበር፤ አሁን ግማሽ ላይ ሲደርስ ይቀደውና «ደደብ ነኝ» ይላል። እኔም «ኧረ ልጄ፣ እንዳንተ የሚሥል የለም፣ አንተ እኮ ድንቅ ሰዓሊ ነህ» እለዋለሁ። ጭራሽ ይብስበታል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ ሲሰጥ ከ48 ተማሪ 37ኛ ወጣ። ካርዱን ከአልጋ ሥር ደብቆት አገኘሁት።

ባለፈው ወር መርጃ መሣሪያ ሠርታችሁ ኑ ተባሉ። በካርቶን ቤት መሥራት ጀመርን። ሲቆርጥ እያጣመመ፣ ኮላውን እያንጠባጠበ ሲያስቸግረኝ እኔው ቀጠልኩበት። እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ከ10 10 አመጣ። «አየህ፣ ጎበዝ!» ስለው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አንቺ እኮ ነሽ የሠራሽው» አለኝ። ያ ንግግሩ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ደስ ሲለው የማየው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ግራውንድ ላይ የሚኖሩ እማማ ዳንቴል ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያያል። አብረውት ይጫወቱ የነበሩት የጎረቤት ልጆች ለልማት ከሠፈር ከተነሱ ወዲህ ሌላ የሚሄድበት የለውም። እማማ ኪሮሽ ሰጥተውት ትንሽ ሞከረ። ደስ ብሎኝ «ከጨረስክ 50 ብር እሰጥሃለሁ» አልኩት። ሁለት ቀን ሠራና ሦስተኛው ቀን ተወው።

ባለቤቴ ደግሞ «ወንድ ልጅ ዳንቴል ምን ያደርግለታል? ይልቅ አስጠኚ ይጨመርለት» ይላል። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን አስጠኚ አለው፤ አምስት ቀን ይሁን ነው የሚለው። አንዲት ጓደኛዬ በበኩሏ የእጅ ሥራ ለልጅ በራስ መተማመን ጥሩ ነው ትለኛለች። ማንን ልስማ? የእጅ ሥራው ይጠቅመዋል ወይስ ጊዜውን እያባከንኩበት ነው?

እናት ነኝ፣ ከግንፍሌ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ልጅሽ የተናገረውን እንደ ወቀሳ የወሰድሽው ይመስለኛል። እኔ ግን ሳነበው ተስፋ ነው የታየኝ። 10 ከ10 ተሰጥቶት፣ እናቱ «ጎበዝ» ብላው፣ እሱ «የእኔ አይደለም» አለ። የ8 ዓመት ልጅ ነው ይህን ያለው። የራሱንና የሰውን ሥራ ለይቶ ያውቃል፤ ባልሠራው ነገር መመስገን አይፈልግም። «ምንም አልችልም» የሚለው ልጅ ውስጥ ይህን ያህል ቁም ነገር አለ። የጎደለውንም ራሱ ነግሮሻል። የጎደለው ምስጋና አይደለም፤ «ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚልበት ነገር ነው።

በነገራችን ላይ፣ ስለዚያ የካርቶን ቤት ራስሽን ብዙ አትውቀሺ። መርጃ መሣሪያ ሲታዘዝ ስንቱ ወላጅ ካርቶን ሲቆርጥ እንደሚያመሽ፣ ስንቱም የተሠራ ገዝቶ እንደሚልክ መምህራኑም አይጠፋቸውም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የእጅ ሥራው ይጠቅመዋል ወይ? አዎ፣ ይጠቅመዋል። የማይሠራውንም ግን ልንገርሽ። ዳንቴል ሂሳብ አያስተምርም። ካርዱ ላይ ያለውን ደረጃ አይቀይርም። የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። ኤሪክ ኤሪክሰን የሚባል የታወቀ የሥነ ልቦና ሊቅ አለ። ልጆች ትምህርት ከጀመሩበት ዕድሜ እስከ 12 ዓመት ገደማ ዋናው ጥያቄያቸው «የሚረባ ነገር መሥራት እችላለሁ ወይስ ከሌሎች አንሳለሁ?» የሚል ነው ይላል። ልጅሽ አሁን እዚያ ጥያቄ መሃል ነው ያለው። መልሱን የሚያገኘው ደግሞ ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከካርዱ። 48 ልጅ ባለበት ክፍል 47ቱ አንደኛ አይወጡም። እኔ በግሌ የ3ኛ ክፍል ልጆችን በቁጥር መደርደር ምን እንደሚጠቅም ገብቶኝ አያውቅም። ግን አለ፤ እኔና አንቺ ዛሬ አናስቀረውም። የምንችለው ለልጁ መልስ የሚያገኝበት ሁለተኛ ቦታ መክፈት ነው፤ ደረጃ የማይወጣበት።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ደደብ ነኝ» ማለት የጀመረው በትክክል መቼ ነው? አንድ ዓመት ብለሻል። የጎረቤት ልጆች የተነሱትስ መቼ ነው? ሁለቱ የሚቀራረቡ ከሆነ ነገሩ የትምህርት ብቻ ላይሆን ይችላል። በር አንኳኩቶ «ና ውጣ» የሚል ጓደኛ ማጣት ለልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ያሉ ብዙ ልጆች በእነዚህ ዓመታት ጓደኞቻቸው በአንድ ሰሞን ወደ ከተማው ዳር ሄደውባቸዋል። ትልቅ ሰው ሲናፍቀው ስልክ ይደውላል። ልጅ ዝም ነው የሚለው። ስለ ጓደኞቹ አንስተሽበት ታውቂያለሽ? የአንዳቸውን እናት ስልክ ካገኘሽ አንድ ቅዳሜ አገናኚያቸው። ለዚህ ምንም ዝግጅት አያስፈልግም፤ የታክሲ ብቻ።

አሁን ስለ ምስጋናው። «እንዳንተ የሚሥል የለም» ስትይው ይብስበታል አልሽ። ይህ የልጅሽ ጠባይ ብቻ አይደለም። ኤዲ ብሩመልማን የሚባል ሆላንዳዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ያወጣው ጥናት አለ። ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች የቫን ጎግን የአበባ ሥዕል አይተው እንዲሥሉ ተደረገ። ከዚያ ከሰዓሊ የመጣ ነው እየተባለ ለአንዳንዶቹ «ቆንጆ ሥዕል ሠርተሃል» የሚል ማስታወሻ ተሰጠ። ለሌሎቹ ደግሞ «እጅግ በጣም የሚያስደንቅ ሥዕል ሠርተሃል» የሚል። ቀጥሎ ቀላልና ከባድ ሥዕል ቀርቦ ምረጡ ተባሉ። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ልጆች የተጋነነው ምስጋና ሲደርሳቸው ከባዱን ሸሹት። ለምን መሰለሽ? «እጅግ ድንቅ» የተባለ ልጅ ቀጥሎ የሚሠራውም ድንቅ መሆን አለበት። ካልሆነ ይጋለጣል። ልጅሽ ሥዕሉን ግማሽ ላይ የሚቀደው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ያላለቀ ሥዕልን ማንም «አያምርም» ሊለው አይችልም።

ታዲያ ምን ልበለው ካልሽኝ፣ ያየሽውን ንገሪው። «ጣሪያውን ቀይ አደረግኸው።» «ይህቺን ጥግ ደጋግመህ ነው የሞከርካት።» ወይም «ይህን እንዴት አሰብከው?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም ብለሽ ስሚው። ያልወደድሽውን ወድጄዋለሁ አትበይ፤ ልጆች ፊት ያነብባሉ። «ደደብ ነኝ» ሲልም «ኧረ አይደለህም!» ብለሽ አትከራከሪው። ክርክሩን እሱ ነው የሚያሸንፈው፤ ማስረጃውን አልጋ ሥር አስቀምጦታል። «ዛሬ የከበደህ የቱ ጋ ነው?» በይው። መልስ ካልሰጠሽ አትጫኚው። ሌላ ቀን ራሱ ያመጣዋል።

ቀጥሎ የምልሽ ነገር ከሁሉም በላይ የሚጠቅምሽ ይመስለኛል። ሥዕልና የካርቶን ቤት ለልጅሽ ለጊዜው አይሆኑትም። መጥፎ ሆነው አይደለም። እስክርቢቶ የነካው ወረቀት ግን አይመለስም። ካርቶን አንዴ ተጣሞ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ስህተቱ ፊቱ ተጋርጦ ሲያየው የሚያመው ልጅ ቀዶ ይገላገለዋል። ዳንቴል ግን ይተረተራል። ክሩን ሳብ ስታደርጊው ስህተቱ የለም፤ ክሩ ግን አለ፤ ምንም አልባከነም። ሊጥ እንደገና ይድቦለቦላል። ሽቦ ይቃናል። ልጅሽ እማማ አጠገብ የሚቀመጠው በከንቱ አይመስለኝም። እሳቸው ሲሳሳቱ ምን እንደሚያደርጉ እያየ ነው። ሳይናደዱ፣ ራሳቸውን ሳይሰድቡ፣ ተርትረው ይቀጥላሉ። እኔም አንቺም ይህን ተናግረን አናስተምረውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ እዚያው ግራውንድ ላይ ነው። ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው ወይም ይዘሽላቸው ውረጂ። «በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት መልስ ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገብዎ ያስቀምጡልኝ» በያቸው። እምቢ የሚሉሽ አይመስለኝም፤ ዳንቴል መማር የሚፈልግ ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል? አንቺ ግን አብረሽ አትቀመጪ። ክፉ አስቤ አይደለም። ሲጣመም ዝም ብለሽ ማየት አትችይም፤ ራስሽ ነግረሽኛል። እሳቸው ይችላሉ፤ እጃቸው በራሳቸው ሥራ ተይዟል።

በምን ይጀምር? የቲቪና የሶፋ ዳንቴል የሚሠራበት ቀጭን ክርና ቀጭን ኪሮሽ ለ8 ዓመት ልጅ እጅ ያስቸግራል። እማማ የሰጡት እሱን ከሆነ ለመተዉ አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። ወፍራም የሹራብ ክርና ወፈር ያለ ኪሮሽ ፈልጊለት። መርካቶ ክር የሚሸጡበት ጋ ሞልቷል፤ ሠፈር ውስጥ መርፌና ክር የሚሸጥ ሱቅም አይጠፋም። መግዛት የለብሽም እንዲያውም። የጠበበ አሮጌ ሹራብ ካለ እሱን ተርትሩት። መተርተሩ ራሱ ለልጅ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይጠቀልላል። ኪሮሹ ካስቸገረው በጣቱ ይጀምር። አንድ ቀለበት ይሠራል፤ ክሩን በቀለበቱ ውስጥ በጣቱ ስቦ ሌላ ቀለበት ያወጣል፤ ከዚያ ሌላ። እየረዘመ ይሄዳል። ስንዝር ካለፈ አንድ ዕቃ አለቀ ማለት ነው፤ የቁልፍ ማንጠልጠያ ወይም የእጅ ማሰሪያ ወይም የቦርሳው ዚፕ መጎተቻ።

የመጀመሪያው ሥራ አንዴ ቁጭ ብሎ የሚጨርሰው ይሁን። የጠረጴዛ ልብስ የጀመረ የ8 ዓመት ልጅ አይጨርስም። «አልችልም» ከሚላቸው ነገሮች ላይ ይደምረዋል።

ያለቀው ነገር ደግሞ ሥራ ላይ ይዋል። እዚህ ላይ ጠበቅ በይ። ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ የሚረሳ ጌጥ አይሁን። ማንጠልጠያውን የቤታችሁ ቁልፍ ላይ እሰሪው፤ ጠዋት ማታ የምትይዥው ቁልፍ ላይ። ክብ መሥራት ሲለምድ ለጀበና ማስቀመጫ ይሥራ። ማቶት አለን ካልሽ ለብርጭቆ ይሁን፣ ለምንም ይሁን፤ ብቻ ዕቃ ይቀመጥበት። ሲጣመም አታቃኚው። ማታ እሱ ሲተኛ ተርትረሽ እንዳታስተካክይው፣ አደራ! ያውቅብሻል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ለምን እንደተወው ሌላም ግምት አለኝ። 50 ብሩ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የሠሩት ጥናት በዚህ ጉዳይ ሁሌ ይነሳል። ሥዕል መሣል ከሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ለተወሰኑት «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሽልማቱ ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት ነበር። ቆየት ተብሎ ሲታዩ፣ ሽልማቱን ጠብቀው የሣሉት ልጆች በገዛ ፈቃዳቸው የሚሥሉበት ጊዜ ቀነሰ። ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ግን እንደ ድሮው ቀጠሉ። ልጅሽም እማማ ጋ የሚወርደው ደስ ስለሚለው ነበር። ብር ሲቆረጥበት ነገሩ የአዋቂ ጉዳይ ሆነ፤ የሚፈተንበት ሆነ። ፈተና ደግሞ የሚሸሸው ነገር ነው።

«እንቁጣጣሽ ላይስ?» ትይኝ ይሆናል። ወንዶቹ ልጆች አበባና መልአክ ሥለው በየቤቱ እያዞሩ ብር ይቀበሉ የለ? እውነትሽን ነው፤ ይቀበላሉ፤ ብሩንም ይጠብቁታል። ያ ግን በዓመት አንዴ ነው፤ በዓል ነው። ደግሞ ከብሩ ሌላ የሚያገኙት አለ። ልጁ በእጁ የሠራውን ይዞ የሰው በር ያንኳኳል፤ ትልቅ ሰው ተቀብሎ ይመርቀዋል። አሁን አሁን የታተመ ሥዕል ገዝተው የሚያዞሩ አሉ፤ እሱ ሌላ ንግድ ነው። ለልጅሽ የሚያስፈልገው ያ መቀበል ነው። የጀመረውን ሲጨርስ ብር ከምትሰጪው፣ አንዱን ሥራውን ለእማማ ወይም ለአያቱ ራሱ ወስዶ ይስጥ። አንቺ በመሃል አትግቢ።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ልጁ በትምህርት ወደ ኋላ ሲቀር አባት መጨነቁ ተገቢ ነው። «አንተ አይገባህም» ብለሽ ከጀመርሽ ነገሩ የዳንቴልና የሂሳብ ጠብ ይሆናል፤ ልጁ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል። አስጠኚውን አስቀሪ አልልሽም። ግን ከሦስት ቀን ወደ አምስት ሲያድግ ልጁ የሚረዳው ምን ይመስልሻል? «በቃ፣ እነሱም ደደብ መሆኔን አወቁ» ነው የሚለው። ሦስቱ ቀን ይቆይ፤ ሁለቱ ቀን የእማማ ይሁን። «እስከ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጨረሻ እንሞክረው፤ ከዚያ አብረን እናየዋለን» በይው። ያለቀ ውሳኔ አድርገሽ አታቅርቢለት። አስጠኚውንም አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ልጁ የሚያውቀውን ነገር የሚሠራው በስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው? የሚጀምሩት ከማያውቀው ከሆነ ይገልብጡት።

«ወንድ ልጅ ዳንቴል» ለሚለው ግን መልሱ ሩቅ አይደለም። አንድ ቅዳሜ አባትና ልጅ ስድስት ኪሎን አልፈው ሽሮ ሜዳ ይውጡ። ያ ሁሉ የሀገር ልብስ ከማን እጅ የወጣ ነው? በአገራችን ሽመና የወንድ ሙያ ሆኖ ነው የኖረው፤ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። የዶርዜ ሸማኔዎችን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ሸማኔው ጥለት ሲያወጣ ክር እየቆጠረ ነው፤ ይህን ስትነግሪው ባለቤትሽ ትንሽ ልቡ ሊራራ ይችላል። መንገዳቸው ላይ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ሙዚየም አለ። የየብሔረሰቡ የእጅ ሥራ ከልጅነት እስከ ሞት በሕይወት ቅደም ተከተል ተደርድሮበታል። ከገቡ ጥሩ፤ ካልገቡም ሽሮ ሜዳ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን አባትየውን ራሱን ሥራው ውስጥ ማስገባት ነው። በልጅነቱ የሽቦ መኪና ሠርቶ ይሆናል። ካልሠራም ሠፈሩ ውስጥ ሲሠራ አይቷል። «ለልጅህ አሳየው» በይው። የሚያስፈልገው ሽቦ፣ ፒንሳና አራት የሃይላንድ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ካነሰ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ጎማ ይቆረጣል። ቆሞ የሚነዳበት ረጅም መሪ እንዳይረሳ። መቁረጡን አባት፣ ማጠፉን ልጁ። የሽቦው ጫፍ ሁሉ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ ዓይን እንዳይወጋ። አባቶች ላይ የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ልጅነታቸው ትዝ ይላቸውና ልጁ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድመው ይነጋገሩ። አንዱን ጎማ አባት ይሥራ፤ ሦስቱን ልጁ ያንን እያየ ራሱ ይሥራ። መኪናው ወደ አንድ ወገን ቢጎትት ይጎትት። መንስኤውን ልጁ ይፈልገው። አባት ቢያውቀውም አይናገር፤ ከባድ ነው፣ ግን ይችለዋል።

መኪናው ዳንቴል የማይሠራውን አንድ ነገር ይሠራል። ከቤት ያስወጣዋል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የሽቦ መኪና እየነዳ የሚያልፍን ልጅ ሌላ ልጅ «እስቲ አንዴ» ሳይለው አይቀርም። ኳስ አልችልም ለሚል ልጅ ጓደኛ የሚያገኝበት በር ይህ ሊሆን ይችላል።

ስለ እህቱ ብዙ አላልሽኝም። እሷ እንዳታስተምረው ብቻ ተጠንቀቂ። በትምህርት ትቀድመዋለች፤ እዚህም እንድትቀድመው አያስፈልግም። ዳንቴል ልማር ካለች እሱ ያሳያት። ሥራቸውን ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ግን አይፈቀድም፤ ለዘመድም ለእንግዳም።

ሌሎች ትናንሽ ነገሮችም አሉ። በዓል ሲመጣ ድፎ ስትጋግሪ ሊጥ ቁረጪለትና የራሱን ዳቦ ይሥራ፤ ቅርጹ ምንም ይሁን፣ እንደ ሌላው ዳቦ ተቆርሶ ይበላ። የተነቀለ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ይማር። የትምህርት ቤት ሸሚዙን ቁልፍ ራሱ የተከለ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል። ሁሉንም በአንዴ አትጀምሪ ብቻ።

ቶሎ ለውጥ ካላየሽ ተስፋ አትቁረጪ። «አልችልም» ማለቱን አይተውም መጀመሪያ። የምታይው ሌላ ምልክት ነው። ሲሳሳት ከመቅደድ ይልቅ ይተረትራል። ወይም ሳትጠይቂው «እዚህ ጋ ተሳሳትኩ» ይልሻል። ያኔ አታጨብጭቢ፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» በይው።

ግን ይህን ብቻ ይዘሽ እንዳትጠብቂ የምልሽ ነገሮች አሉ። ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቀን ብቻ ሆዱን የሚያመው ከሆነ፣ እንቅልፉ ወይም ምግቡ ከተበላሸ፣ ወይም ንግግሩ ከ«ደደብ ነኝ» አልፎ «ባልኖር ይሻላል» ወደሚል ከሄደ፣ የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያገናኙሻል። ፊደል እየገለበጠ የሚጽፍ ከሆነ ወይም አንድ መስመር ለማንበብ ብዙ የሚታገል ከሆነም ለመምህሩ ንገሪ። ስንፍና ላይሆን ይችላል፤ የተለየ እገዛ የሚያስፈልገው የማንበብ ችግር ሊሆን ይችላል። «ደደብ» የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣውም ጠይቂ። የሚሰድበው ልጅ ወይም ትልቅ ሰው ካለ ዳንቴል አይመልሰውም፤ ትምህርት ቤት ሄዶ መነጋገር ነው።

ዓይኑንም በዚህ ወር አስመርምሪው። 48 ልጅ ባለበት ክፍል ኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው ከሆነ አስጠኚው አምስት ቀን ቢመጣም መነጽር አይሆነውም። መምህሩን ስታገኚ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንደሚቀመጥ ጠይቂ።